መዝገቡ የሚዘጋበት ቦታ

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯ ሔቨን ጉዳይ አገር ምድሩን ሲያነጋግር፣ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ጥያቄ «25 ዓመት ብቻ?» የሚል ነበር። የ7 ዓመቷ ሕፃን ተደፍራ የተገደለችው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ድርጊቱን የፈጸመው እናቷ የተከራየችው ቤት አከራይ ነበር፤ ፍርድ ቤትም 25 ዓመት ፈረደበት። ነገሩ ከባሕር ዳር አልፎ የሁሉ መነጋገሪያ የሆነው ሰውየው ይግባኝ ማለቱ በተሰማ ጊዜ ነው። ፍትሕ የሚጠይቀውን አቤቱታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈረመው። በየታክሲው፣ በየቡና ቤቱ «ሕጉ ይጠንክር»፣ «ስቅላት ሲያንሰው ነው» ተባለ።

ቁጣው አልበዛም። ሆኖም የሔቨን መዝገብ ቢያንስ ዳኛ ፊት ደርሷል፦ ተከሳሹ ተይዟል፣ ማስረጃ ተሰምቷል፣ ፍርድ ተጽፏል። አብዛኛው በደል እዚያ አይደርስም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶዎቹ ከማንም ርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለእነዚህ ሴቶች የቅጣቱ ጣሪያ 25 ሆነ 40፣ ልዩነት የለውም። «ሕጉ ይጠንክር» የሚለውን ጥያቄ እኔም እደግፋለሁ፤ ክርክሬ ጥንካሬው የሚያስፈልገው የት ላይ ነው በሚለው ላይ ነው። ይህንንም ለማየት አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሦስቱም የተለያየ በር ናቸው። በአየር ጤና በኩል በጅማ መንገድ የወጣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይገባል፤ የሜታ ቢራ ፋብሪካ፣ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤቱና የጅቡቲ ባቡር መነሻ ያሉባት ከተማ ናት። በአስኮ በኩል የወጣ የአምቦን መንገድ ይዞ ቡራዩን ያገኛል፤ የገፈርሳ የውኃ ግድብም እዚያው ነው። እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወረደ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎችና ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ይቀበሉታል። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሲቋቋም ሦስቱም እዚያ ውስጥ ገቡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ዞኑ ፈርሶ 12 ክፍለ ከተሞች ያሉት ሸገር ከተማ ሲመሠረት የእርሱ አካል ሆኑ።

የሚያመሳስላቸው ግን አስተዳደሩ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው ሰው የሚያርፍባቸው ናቸው። ከገጠር የመጣችው የፋብሪካና የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛው፣ አዲስ ተጋቢው፣ ጡረተኛው አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ በር ይገባሉ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ስድስትና ሰባት ክፍል። እናት አዲስ አበባ ሥራዋ ላይ በሰዓቱ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትወጣለች፤ ልጅቷ ትምህርቷ በፈረቃ ከሆነ ግማሹን ቀን ግቢው ውስጥ ናት። በር የሚዘጋው በጣውላና በአንዲት ብረት መወርወሪያ ነው፤ የሁሉም ክፍል ትርፍ ቁልፍ ደግሞ አከራዩ ዘንድ ይገኛል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ብዙውን ጊዜ ከማያውቁት ሰው አይመጣም የሚባለው ትርጉሙ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ነው የሚገባው። ተጠርጣሪው ጎረቤት፣ አከራይ፣ የአከራይ ልጅ፣ አጎት ወይም እንጀራ አባት ነው። ነገ ጠዋትም በዚያው በር ይወጣል፣ ይገባል።

ሕጉ በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነች፣ ወይም በደፋሪው ጥበቃና ኃላፊነት ሥር ካለች፣ ወይም ድርጊቱን ብዙ ሆነው ከፈጸሙት ጣሪያው ወደ 20 ይወጣል። ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ ነው። ከ13 ዓመት በታች ላለች ልጅ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይላል። ጥቃቱ እርግዝና ካስከተለ፣ በሽታ እንዳለበት እያወቀ ካስተላለፈባት፣ ወይም በኀፍረትና በተስፋ መቁረጥ ራሷን እንድታጠፋ ከዳረጋት ሌላ አንቀጽ አለ፤ እርሱም እስከ 25 ዓመት ያደርሳል። ከብዙ አገሮች ጋር ቢነጻጸር ይህ ልል ሕግ አይደለም።

እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ላይ በታሪካችን ትልቁ የሕግ ማጠንከር የመጣው ዓመት በመጨመር አልነበረም፤ አንድ አንቀጽ በመሰረዝ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለጠለፋ ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 3 ዓመት ነበር። እርሱም ቢሆን ጠላፊው ከተጠለፈችው ልጅ ጋር ጋብቻ ከፈጸመ ይቀራል፤ በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ክስ የለም። በተግባር ይህ ማለት ጠላፊው ከወንጀሉ የሚወጣበት መንገድ ወንጀሉን መቀጠል ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ልጅቷ ትፈርማለች፣ መዝገቡ ይዘጋል።

ያንን አንቀጽ ለማሰረዝ ብዙ ተለፍቷል። በ1988 ዓ.ም. ግድም በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ተኩሳ ስትገድል በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ገና በእግሩ የቆመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፣ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ታምኖ በነፃ ተለቀቀች። ማኅበሩ በየፍርድ ቤቱ ሲሟገትና በየመድረኩ ሲወተውት ቆይቶ፣ የ1996ቱ ሕግ ሲወጣ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ መጻፉ ነው። ጣሊያን እንዲህ ያለውን አንቀጿን የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሞሮኮ እስከ 2014፣ ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ እስከ 2017 ቆይተዋል። በዚህ ረገድ እኛ ወደ ኋላ የቀረን አይደለንም። ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ ይገረማል።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? ከእነዚህ ሦስት ከተሞች ጋር በአንድ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሥርዓት ሥር የሚገኝ ሌላ የአርሲ ጉዳይ እንይ።

በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ከምትኖርበት ቤት በሌሊት ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ፖሊስ ደርሶ አስጣላት፤ ተጠርጣሪውም ተያዘ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ሁሉ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ሰውየው በዋስ ወጣ፤ ወጥቶም ያችኑ ልጅ ዳግመኛ ጠለፋት። አንድ ወር ያህል ደብቆ አቆያት፤ አስገድዶም የጋብቻ ውል አስፈረማት፤ በመጨረሻ ራሷ አምልጣ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ 10 ዓመት፣ በተባበሩት አራት ሰዎች ላይ ደግሞ 8፣ 8 ዓመት ፈረደ። በአሮጌው ሕግ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በኅዳር 1996 የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ማስረጃው ድርጊቱ በስምምነት መፈጸሙን ያሳያል አለ። አምስቱም ተለቀቁ። የሐኪሙ ወረቀት በልጅቷ ገላ ላይ ጭረትና ቁስል መገኘቱን ይናገር ነበር፤ ክርክሩ ግን የተያዘው ድንግል ነበረች ወይስ አልነበረችም በሚለው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ፍርድ ቤቶች ይግባኙን አልተቀበሉትም።

ጉዳዩ በአገር ውስጥ ሲያበቃለት የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ልጅቷን ባለመጠበቋ መብቷን ጥሳለች ብሎ ወሰነ፤ 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንድትከፍልም አዘዘ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው 14 ዓመት አልፏል። ልጅቷ 27 ዓመት ሞልቷታል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በቅጣት ማነስ አልወደቀም። 10 ዓመት ተፈርዶ ነበር። የወደቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ዋስትናው ላይ፣ ቀጥሎ ማስረጃ በሚታይበት ዓይን ላይ። ሁለቱም ዛሬ ቦታቸውን አልለቀቁም።

የዋስትናውን ነገር ብንመለከት፣ እስከ ዛሬ የምንሠራበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ዋስትና የሚነፍገው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ፣ በተጨማሪም ተበዳዩ የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። በሕይወት የተረፈች ልጅ ደፋሪ፣ ሊፈረድበት የሚችለው ምንም ያህል ቢሆን፣ ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል ብሎ ካመነ ሊከለክል ይችላል፤ ለማመን ግን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የተበዳይዋ እናት በዚያ ቀጠሮ ላይ ብዙ ጊዜ የለችም። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የምትሰማው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ሰውየው በግቢው በር ሲገባ ስታይ ነው። በዋስ የወጣው ሰው ከዚያ ግቢ እንዲርቅ፣ ከልጅቷ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ የሚያዝዝ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ የለንም። ደቡብ አፍሪካ ከ1998፣ ኬንያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት ውስጥ ጥቃት ሕጎቻቸው አላቸው። በኔ ግምት ለሰበታ ግቢዎች ከ25 ዓመቱ ላይ 10 ዓመት ከመጨመር ይልቅ ይህ አንድ ወረቀት ይበልጣል።

ማስረጃውን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንጀምር። ልጇ ላይ ምን እንደደረሰ የሰማች እናት የምታደርገው የመጀመሪያ ነገር ውኃ ማሞቅ ነው። ገላዋን ታጥባታለች፣ የለበሰችውን አውልቃ ትዘፈዝፋለች፣ ንጹሕ ልብስ ታለብሳታለች። ማንም እናት ይህንን ታደርጋለች፤ ማስረጃውም አብሮ ይታጠባል። ልብሱን ሳታጥብ ያስቀመጠችውም ብትሆን በፌስታል ጠቅልላ ታመጣዋለች፤ ፌስታል ርጥበት ይይዛልና በላዩ ያለው ነገር ይበላሻል፤ የሚሻለው የወረቀት ከረጢት ወይም ጋዜጣ ነው። ይህንን ማን ነገራት? ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ እርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከጥቃቱ ጀምሮ ነው፤ በዚያ መካከል ሽማግሌ ይመጣል፣ አባት ከመስክ ይጠበቃል፣ ቅዳሜና እሑድ ይገባል።

ከዚያ የሐኪሙ ወረቀት አለ። ፖሊስም፣ ቤተሰብም፣ አንዳንድ ጊዜ ዳኛም ከወረቀቱ ላይ የሚፈልጉት ስለ ድንግልና የተጻፈውን መስመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንዳስታወቀው፣ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ አንዲት ሴት ግንኙነት መፈጸም አለመፈጸሟን በዚያ ማወቅ አይቻልም። የሚገርመው የእኛው የወንጀል ሕግ በሌላ ቦታ የሴትን ቃል ሙሉ በሙሉ ያምናል። በመደፈር የተፀነሰ ጽንስ ማቋረጥን በሚመለከተው ክፍል፣ ተደፍሬ ነው ማለቷ ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ሕግ አውጪው የሴትን ቃል ማመን ይቻላል የሚለውን አንድ ጊዜ ቀምሶታል። በክስ ሂደት ቃሏ ብቻውን ሰው ያስቀጣ እያልኩ አይደለም፤ ቃሏን የሚያጣጥል ጥያቄ፣ ያለፈ ታሪኳን የሚቆፍር ጥያቄ ችሎት ውስጥ እንዳይቀርብ የሚከለክል የማስረጃ ሕግ ግን ያስፈልገናል።

አሁን ሦስቱን ከተሞች ልዩ ወደሚያደርጋቸው ነገር እንምጣ፣ አዲስ አበባን ከኦሮሚያ ወደሚለየው መስመር። የወንጀል ሕጉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የፌዴራል ነው፤ ለአዲስ አበባም ለሸገርም አንድ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽሙት ግን ሁለት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር በአዲስ አበባ ፖሊስ ተመርምሮ በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከመስመሩ ማዶ፣ አንዳንድ ቦታ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የተፈጸመው ደግሞ የኦሮሚያ ፖሊስ፣ የኦሮሚያ ዐቃቤ ሕግና የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ የተቀናጀ የአንድ መስኮት ማዕከል አላት፤ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ጣራ ሥር ሆነው ተበዳይዋን ያስተናግዳሉ። ሐሳቡ በደቡብ አፍሪካ ቱቱዜላ ተብለው ከሚታወቁት ማዕከላት ጋር አንድ ነው፦ ልጅቷ ታሪኳን ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር።

ከቡራዩ ልጇን ይዛ በታክሲ ወደ አዲስ አበባ የመጣች እናት በመጀመሪያ የምታስበው ሆስፒታሉን ነው። ሕክምናው መስመር አያውቅም፤ መዝገቡ ግን ያውቃል። ወንጀሉ የተፈጸመው ቡራዩ ከሆነ መርማሪው የቡራዩ ነው፣ ችሎቱም የዚያው። አንድ ጣራ ሥር የነበረው ነገር ለእርሷ ሁለት ከተማ ላይ ይበተናል፤ የሕክምናው ወረቀት እዚህ፣ መርማሪው እዚያ፣ ሐኪሙ ምስክርነት ሲጠራ የመጥሪያው መንገድ ሁለት መሥሪያ ቤት ያቋርጣል። በእያንዳንዱ ዙር የትራንስፖርት ገንዘብ አለ፣ ከሥራ የቀረችበት ቀን አለ። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ የቀረች እናት ጨካኝ ሆና አይደለም። ዐቃቤ ሕጉም ምስክር ሲያጣ ከመዝጋት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

መስመሩ ራሱም የሚንቀሳቀስ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ ተሠርቶ ዛሬ የሸገር ክፍለ ከተማ ሆኗል። የሐና ጉዳይ ደግሞ መንገድ ላይ ያለችን ልጅ መስመር እንደማያድናት አስተምሮናል። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የ16 ዓመቷ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከአየር ጤና አካባቢ ታክሲ ተሳፈረች፤ ይህ ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድ ነው። ሹፌሩና አብረውት ያሉት ወሰዷት፣ ለቀናት አግተው ደፈሯት። ጥቅምት 22 ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። «ፍትሕ ለሐና» የሚለው ዘመቻ አገሩን አዳረሰ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች የጀመሩት ቢጫው ንቅናቄም ድምፁን ከፍ አደረገ። ከአምስቱ ተከሳሾች አንዱ ዕድሜ ልክ፣ ሌሎቹ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ሕጉ በነበረበት ሠርቷል። ግን ያን ያህል የሠራው ልጅቷ በመሞቷና አገር በመጮኹ ነው።

ሽምግልናውን ዘልዬ ብሄድ ታማኝ አልሆንም። ሽማግሌ በዚህ አገር ብዙ ደም አድርቋል፤ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁማለች። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የተወው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፣ ያውም በተከራካሪዎች ስምምነት። አስገድዶ መድፈር በሁለት ቤተሰብ መካከል ያለ ጠብ አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የሁለቱ አባቶች መታረቅ ክሱን አያስቀርም። በወረቀት። በግቢው ውስጥ ግን ሽማግሌው የሚመጣው ከፖሊሱ ቀድሞ ነው። «የልጅቷ ስም ይጠፋል»፣ «አንተም ነገ ልጅ ትድራለህ»፣ «ጎረቤት አይደላችሁ?» ይባላል፤ የሕክምና ወጪ ይቆረጣል፤ የኪራይ ዕዳ ይማራል። እናትም ምስክርነቱን ትተወዋለች። ዕርቁ መዝገብ ውስጥ የትም አይታይም፤ የሚታየው «ምስክር ሊቀርብ ስላልቻለ» የሚለው ነው። ለ72 ሰዓቷ ጠላት የሆነውን ይህን ውል የሚያዋውሉትን፣ ገንዘብ ተቀብለው ምስክር የሚያስቀሩትን፣ ለይቶ የሚጠይቅ አንቀጽ ቢኖር ሽማግሌውም «ይህስ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ለማለት ምክንያት ያገኛል።

እናት እንቢ ብትል የት ትሂድ? አከራይዋን ከሰሰች ማለት በማግሥቱ ቤት ፍለጋ ላይ ናት። የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር በ1995 ዓ.ም. የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ መጠለያ ከፍቶ እንዲህ ያሉ ሴቶችንና ልጆቻቸውን ያስጠጋል። ነፃ ጠበቃ ስታገኝ የኖረችውም ከማኅበራት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሕግ ያደረሰውን ጉዳት ማንሳት ግድ ይላል፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሠራተኞቹን ለመቀነስና ሥራውን ለማጥበብ ተገደደ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 10 ዓመታት የወንጀል ሕጉ አንድ ፊደል አልላላም፤ ሴቲቱ ግን ጠበቃዋን አጥታለች።

በዚያው 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልጽ ከልክሏል፤ የተተነኮሰች ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ለሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ጥሩ ነው፤ መልቀቅ ለሚችል። በየቤቱ የምትሠራው የቤት ሠራተኛ ግን አዋጁ አይመለከታትም፣ ከጥንትም የቤት ሥራ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ነው።

አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይቀራል፤ እርሱ በእርግጥም የሕጉ ቃል ውስጥ ያለ ነው። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲፈጸም ነው። ባል ሚስቱን ቢደፍር ድብደባው ይቀጣል፣ መድፈሩ አይቀጣም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ተጋቢዎች ጤናን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ግንኙነት እንዲያደርጉ ግዴታ ይጥላል። ከዓለም ገና ተገንጥሎ የሚሄደው መንገድ ቡታጅራ ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው የብዙ አገሮች ጥናት ከጠየቃቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። በዚያ አካባቢ ትዳር ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 59 በመቶዎቹ በትዳር አጋራቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከግማሽ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ የደረሰን ጥቃት «ወንጀል» ያላለ ሕግ በጠንካራ ቅጣቱ ሊኮራ አይችልም። እንግሊዝ ይህን ልዩ መብት ከባሎች የነሳችው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደቡብ አፍሪካ በ1993 ነው። ትዳር ይፈርሳል ተብሎ በሁለቱም አገር ተፈርቶ ነበር።

ስለ ሞት ቅጣቱ ደግሞ አጭር ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሞት ፍርድ ይፈረዳል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተፈጽሞ አያውቅም። አብዛኛው ተጠርጣሪ አጎት፣ አባት፣ አከራይ መሆኑን አስታውሱ። ልጅቷ ተናግራ አጎቷ እንደሚሰቀል የምታውቅ አያት ምን ታደርጋለች? ከዚህም በላይ ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ዳኛው የሚጠይቀው የማስረጃ ክብደት በልቡ ይጨምራል፤ ልብሱ ታጥቦ፣ ሐኪሙ ሳይቀርብ፣ እናት ዝም ብላ። ውጤቱ ብዙ ነፃ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እርግጥ 25 ዓመት ማለት 25 ዓመት አለመሆኑ ሊያበሳጭ ይችላል፤ በአመክሮ ከሁለት ሦስተኛው በኋላ መውጣት ይቻላል፤ ዕድሜ ልክም በ20 ዓመት። ሕፃን ለደፈረ ሰው አመክሮው ይጥበቅ የሚል ክርክር ቢቀርብ አልቃወምም።

የወንጀል ሕጉን መለወጥ የሚችለው አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት ነው። የጋብቻው ገደብ ይነሳ፣ የዋስትናው አንቀጽ ይከለስ፣ የጥበቃ ትእዛዝ ይምጣ ብሎ መጠየቅ ያለበት ወደዚያ ነው። ሌላው ግን እዚያ ድረስ አይሄድም። የሁለቱ አስተዳደሮች ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ የመግባቢያ ሰነድ ጋንዲ የተጻፈው ወረቀት ሰበታ ላይ ያለ ምልልስ እንዲቀበሉት ማድረግ ይችላሉ። የሱሉልታ ጤና ጣቢያ ደግሞ የ72 ሰዓቱን መድኃኒት ለመስጠት የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ማለት የለበትም፤ መድኃኒቱ በማታ ፈረቃም እንዲገኝ፣ ከጠረጴዛውም ሥር ጥቂት የወረቀት ከረጢት እንዲቀመጥ የሚያዝዝ ደብዳቤ የሸገር ጤና ጽሕፈት ቤት በዚህ ሳምንት ሊጽፍ ይችላል።